የጭቃ አበል

ደመወዙን ፊቱ ላይ የማላነብለት ሰው ጁባ ውስጥ አልተፈጠረም። ብትፈልጉ ጫማውን አሳዩኝ፤ ብትፈልጉ ከቦዳቦዳ፣ ከሞተር ታክሲ ነጂ ጋር ሲከራከር ድምፁን አሰሙኝ፤ ብትፈልጉ ምግብ ቤት ገብቶ የምግብ ዝርዝሩን ከስሙ ይጀምር ከዋጋው ንገሩኝ። እስከ ጡረታ መዋጮው ድረስ ቁጥሩን ቁጭ አደርግላችኋለሁ። ዕድሜውን በሙሉ በሰው ኃይል አስተዳደር የፈጀ ሰው ዓይን እኮ ራጅ ማለት ነው።

ይህንን ለባልደረቦቼ በተናገርኩ በሦስተኛው ቀን፣ አማራት ሰፈር የሚገኘው ቢሯችን በር ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ሱፍ ለብሶ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ሌላው ነጠላ ጫማ አጥልቆ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ባለሱፉን የራሴን ወንበር ለቅቄ አስቀመጥኩት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣሁለት፤ «ክቡርነትዎ» ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ባለነጠላ ጫማውን «እዚያ ጥላው ሥር ቆይ» አልኩት። ባለሱፉ ለጥበቃ ሥራ ሊያመለክት የመጣ ሰው ሆነ። ባለነጠላ ጫማው የሕንፃው ባለቤት ነው። ኪራይ ሊጨምርብን ነበር የመጣው። ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ካቆየሁት በኋላ ደግሞ ካሰበው በላይ ጨመረ።

እንግዲህ ይህ ነው ራጁ።

የምሠራው አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ከሥሬ ክፍለ ጦር ያለ እንዳይመስላችሁ። ያለችኝ አንዲት የደመወዝ ሠራተኛ ናት። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ግን ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። በኑዌር ትቆጣለች፣ በጁባ ዓረብኛ ትከራከራለች፣ ለቀልድ ሲሆን ወደ አማርኛ ትመለሳለች። እኔን «ጋሼ» ነው የምትለኝ። ሌላው ባልደረባችን ከለቀቀ ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ደመወዝ ትሠራለች። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ «ምትክ አይቀጠርም» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝና።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን፣ እኛ «ኢንጂነር» የምንለው ያገራችን ሰው፣ ሁለታችንንም ጠራን።

«የደመወዝ እርከናችንን ከጁባ ገበያ ጋር አስተያዩልኝ» አለን። «ዘንድሮ በጀቱ የሚበቃው ለአንድ የሥራ መደብ ብቻ ነው። ከገበያው በጣም ወደኋላ የቀረው የቱ እንደሆነ በማስረጃ አምጡ፤ ለእሱ እጨምራለሁ። ለሌላው ለከርሞ።»

እኔ መልሱን ከወንበሬ ሳልነሳ አውቄዋለሁ። ወደኋላ የቀረው እኔ ነኝ! ገበያው ናይሮቢ ገብቶ ሆቴል ይዟል፤ እኔ ገና የጁባን ድልድይ አልተሻገርኩም። የቀረው ይህን በቁጥር ማስጻፍ ብቻ ነበር።

ለዚህ ደግሞ ኤአይ የሚሉት ረዳት አለን። ድርጅቱ ገዝቶት የደመወዝ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል፤ እሷ ከልብ ጓደኛዋ ጋር እንደምታወራ ነው የምትጠቀምበት። እኔ «ሊቁ» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። የጠየቁትን ሁሉ ስለሚመልስ ብቻ አይደለም፤ ሲመልስ ሳል እንኳ የለውም። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጥያቄዬን ራሴ ጻፍኩ፦ «ጁባ ውስጥ አንድ ልምድ ያለው፣ ትዕግሥተኛና ተጫዋች የሆነ የሰው ኃይል ኃላፊ ስንት ሊከፈለው ይገባል?»

ሊቁ በጨዋነት መለሰ። ለጁባ የሚተማመንበት ወቅታዊ መረጃ እንደሌለው፣ ከሚገምትልኝ ይልቅ ከተመሳሳይ ድርጅቶች መረጃ ብንሰበስብ እንደሚሻል፣ ስም ግን እንዳናስገባ፣ የሥራ መደቡና የድርጅቱ ዓይነት፣ ያልተጣራው ደመወዝና ጥቅማጥቅሙ እንደሚበቃው ጻፈ። መጨረሻ ላይ «ተጫዋችነትን የሚለካ መስፈርት ግን አላገኘሁም» አለኝ።

«ሰደበኝ» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ አክብሮዎታል» አለች። «እኔ ብሆን ትዕግሥቱንም አወጣው ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ የገባው። ሊቁ ዓለምን ያውቅ ይሆናል፤ ሀበሻን አያውቅም። ሀበሻን «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ስለ አየሩ ያወራል። ካስጨነቃችሁት፣ ብድር ትጠይቁኛላችሁ ብሎ ከጠረጠረ ግማሹን ይቀንሳል፤ ልጃችሁን ሊያገባ ከሆነ እጥፍ ያደርገዋል። የሌላ ሰው ደመወዝ ግን ጠይቁት! የአለቃውን፣ የጎረቤቱን፣ የሚስቱን የአጎት ልጅ ደመወዝ እስከ ትርፍ ሰዓቱ ይዘረዝርላችኋል፤ ሳትጽፉ ከቆማችሁ ይቆጣል። ስለዚህ ቅጹን እንዲህ አዘጋጀሁት፦ «የእርስዎን ደመወዝ አይንገሩን። በዚህ ሥራ ላይ ያለ የሚያውቁት ሰው ስንት እንደሚያገኝ ይንገሩን።»

አነበበችውና ቅንድቧን አነሳች። «ጋሼ፣ ይሄ ጥናት ነው ሐሜት?»

«ሐሜት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ጥናት ይባላል።»

ሊቁም እንደ እሷ ቅር አለው። ከሰው ሰው የተሰማ ቁጥር እንደማያስተማምን ነግሮን፣ ቢያንስ «እንዴት አወቁ?» የሚል ጥያቄ እንድንጨምርበት መከረን። ለደስታው ብዬ ጨመርኩለት። ከዚያ በጁባ ሀበሾች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅነው። ባንክ የሚሠራ አለ፣ አየር መንገድ አለ፣ እርዳታ ድርጅት አለ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ አለ። እሷ ደግሞ ለአገሯ ልጆች፣ ለኬንያና ለኡጋንዳ ባልደረቦቿ አዳረሰች።

በሁለት ቀን ጎርፍ ሆኖ መጣ። ሰው ስንት ነገር በሆዱ ይዞ ነው ሰላም የሚለን! እሷ መልሱን አንድ በአንድ ወደ ሠንጠረዡ ታስገባለች፤ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሠንጠረዡ የማነበው አንድ ዓምድ ብቻ ነበር፤ የደመወዙን።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄን አይተውታል?» አለችኝ።

የሰው ኃይል ኃላፊ። ሀበሻ። ባንክ። ደመወዝ፦ የእኔ እጥፍ።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። እጥፍ ነው። ትንሽ ጭማሪ ሳይሆን ሌላ አንድ እኔ ነው። ሐሙስ ሌላ መጣ፤ አየር መንገድ፣ እጥፍ ከምናምን። ዓርብ ደግሞ ሦስተኛው፤ «ትልቅ የውጭ ድርጅት» ይላል፣ እሱም እጥፍ። ሦስት ሰዎች! በአንድ ከተማ፣ እኔ በምሠራው ሥራ፣ እኔ በምተነፍሰው አቧራ!

ቅናት የሚይዘኝ እዚህ ሆዴ ጎን ላይ ነው፤ ሐኪም ቢያየው የሐሞት ጠጠር ይለዋል። በሦስት ሰው መቅናት ስለሚያደክም ሦስቱን በሐሳቤ አንድ አደረግኋቸውና «ባለ እጥፉ» አልኳቸው። ባለ እጥፉ ሸሚዙን ላውንደሪ ያስተኩሳል። ባለ እጥፉ ጄኔሬተሩ አይጠፋበትም። ባለ እጥፉ ስልኩ ሲጠራ ቁጥሩን ሳያይ ያነሳል፤ የሚፈራው ሰው የለማ! አማራት ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ስገባ ያገሬን ሰው ባየሁ ቁጥር እጁን፣ ሰዓቱን፣ አሳሳቁን እመረምራለሁ። አንዱ ጥግ ላይ ከልቡ ሲስቅ ሰምቼ «ይሄ የእጥፍ ደመወዝ ሳቅ ነው» ብዬ ምግቤን አቋርጬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ኮንዮ ኮንዮ ላይ አገኘሁት፤ ወይም ያገኘሁት መሰለኝ። በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነ ሀበሻ «ቢካም?» ብሎ ዋጋ ጠየቀ፤ ሻጯ ሴት ነገረችው፤ ሳይከራከር ከፈለ! አንድ ጊዜ አይደለም፤ ቲማቲም ላይ፣ ሽንኩርት ላይ፣ ዓሣ ላይ። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ተሸካሚዎቹ መካከል እየተሹለከለኩ ተከተልኩት። ሚኒባስ ተራው ጋ ሲደርስ ዞር አለና «ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ?» አለኝ። የት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። የአንድ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነው፤ የሚገዛው በሆቴሉ ገንዘብ ነው። «በራሴ ብር ብሆንማ እስከ ማታ ነበር የምጨቃጨቃት» አለኝ። በሰላም ተለያየን፤ እኔ ግን ለምን በሰው ገንዘብ እንኳ እንደማልገዛ እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ እሷ ሳትገባ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሊቁን በምስጢር ጠየቅኩት፦ «አንድ ሰው ያንኑ ሥራ እየሠራ የእኔን እጥፍ የሚከፈለው ምን ቢያውቅ ነው?» አምስት ምክንያት ደረደረልኝ። የሚመራው ሠራተኛ ብዛት፣ የድርጅቱ አቅም፣ ተጨማሪ ኃላፊነት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። አንዱም «አንተ ሰነፍ ስለሆንክ» አይልም። እኔ ግን በአምስቱም መካከል አነበብኩት።

ደግሞ ሲያቃጥለኝ ሲያቃጥለኝ ቆይቶ አንድ ነገር በራልኝ። ባለ እጥፉ ጠላቴ ሳይሆን ጠበቃዬ ነው! እነዚህ ሦስት መስመሮች ባሉበት፣ ከገበያው በጣም የራቀው መደብ ያለ ጥርጥር የእኔ ነው። በባለ እጥፉ እየቀናሁ፣ በባለ እጥፉ ጭማሪ ላገኝ ነው። ያን ቀን ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ማክሰኞ የመጨረሻውን ትንተና አሠራነው። እሷ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ ታነባለች።

«ባንክ፣ አየር መንገድና የውጭ ድርጅት ተብለው የገቡት ሦስት መልሶች ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ ይመስላሉ» ይላል ሊቁ። «ደመወዛቸው ተቀራራቢ ነው። ሦስቱም የጭቃ አበል የሚባል ጥቅማጥቅም ጠቅሰዋል። እንዴት አወቁ ለሚለውም ሦስቱም ሰው ነገረኝ ብለዋል። ይህን አበል ሌላ መልስ ውስጥ አላገኘሁትም። በጁባ የተለመደ ነው? ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ሦስቱን ከስሌቱ ብታወጡ ይሻላል። ሲወጡ ከገበያው በጣም የሚርቀው የሰው ኃይል ኃላፊው መደብ መሆኑ ቀርቶ የደመወዝ ሠራተኛዋ ይሆናል።»

እሷ የመጨረሻውን ትታ የመሀሉን ይዛ ሳቀች። «የጭቃ አበል! ያ ሰላም! ጋሼ፣ በጭቃ የሚከፈል ከሆነ እኮ የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ሚሊየነር ነው!»

እኔ አልሳቅኩም። ቃሉን የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ።

ከሁለት ክረምት በፊት ነው። እኔ በምኖርበት በጉዴሌ ሰፈር፣ አንድ ያገራችን ሰው ቤት ክርስትና ነበር። ያሳፈረኝ ቦዳቦዳ ኩሬ መሀል ጥሎኝ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ገባሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በር አጠገብ የተቀመጠ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ጫማው ያብረቀርቃል። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ዝናብ፣ እንዴት አድርጎ እንዳመጣው እግዚአብሔር ይወቅ። «ምነው፣ ድርጅትህ መኪና እንኳ አይሰጥህም እንዴ?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ያ ጫማ አስቀናኝ። «መኪናውን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «የጭቃ አበል ይከፈለኛላ! በእግሬ በሄድኩ ቁጥር ነው የሚታሰብልኝ።» እንደገና ተሳቀ፤ አሁን ግን ከእኔ ጋር ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሰውዬው ግን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የምርህን ነው? ስንት ይሆናል በጠቅላላ?» አለኝ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ የደመወዜን እጥፍ ነገርኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲጠፋ አየሁ። ለሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፤ ከዚያ ረሳሁት።

ወሬው አልረሳኝም። ሁለት ክረምት ጁባን ሲዞር፣ ባንክ ሲቀጠር፣ አየር መንገድ ሲዛወር፣ የውጭ ድርጅት ሲገባ ከርሞ፣ በራሴ ቅጽ ላይ ተሞልቶ መጣ። ያን ሁሉ ቀን አንጀቴን ሲያሳርር የሰነበተው ሰውዬ እኔ ነበርኩ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ይህን ካወቅኩ በኋላም ቅናቱ ወዲያው አልለቀቀኝም። ሰውዬው እኮ ተሳክቶለታል! እኔ ያን ሁሉ ዓመት ለፍቼ የቆምኩበት ስቆም፣ እሱ በሁለት ክረምት ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን አበል ሰምተውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ሰምቼዋለሁ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ከእኔ ቀድሞ የሰማው ሰው የለም።

«እውነት ነው ማለት ነው?»

«አንዳንድ ድርጅት ምን የማያደርገው አለ ብለሽ ነው!»

ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ሦስቱ መስመሮች ከወጡ ጭማሪው የእሷ መሆኑን አሁን አንብባዋለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለእኔ ያነበበችው እሷ ናት። ከዚያ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ ይግቡ» ብላ ጻፈች። ሊቁም አስገባቸው፤ ግን በግርጌ ማስታወሻ «በአንድ ሰው ቃል ብቻ የተደገፈ» ብሎ አሰፈረ። ሌላውን ስሌትም፣ ሦስቱ ሲወጡ የሚሆነውን፣ ከገጹ ሥር አስቀመጠ። ያንን አጥፊው ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያ ግን ለእኔም በዛ።

ረቡዕ ጠዋት ኢንጂነር ፊት ተቀመጥን። ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ።

«የጭቃ አበል ምንድን ነው?»

እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ ቀደመችኝ። «ኢንጂነር፣ እኛም ገርሞን ነበር። ኮምፒውተሩ አውጡት ብሎን ነበር። ጋሼ አውቀዋለሁ ስላሉ ነው ያስገባነው። ጋሼ በሌላው ሁሉ ይቀልዳሉ፤ በደመወዝ ነገር ግን አይቀልዱም።»

በራሷ ጭማሪ ላይ እየመሰከረች ነበር። ለእኔ ብላ።

ኢንጂነር ወደ እኔ ዞረ። «ሰውዬውን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«በየጠዋቱ» አልኩ።

«የት?»

«መስታወት ውስጥ። ጢሜን ስላጭ።»

 ከዚያ ክርስትናውን፣ ጫማውን፣ እጥፉን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኢንጂነር እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አንተ ሰው! ባለቤቴ እኮ የሆነ ቦታ ሰምታ፣ አንተስ ለምን የጭቃ አበል አይከፈልህም እያለች ክረምቱን ሙሉ ጨቅጭቃኛለች!»

እሷ አልሳቀችም። ላፕቶፗን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ትናንት ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

«አዎ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ምንም ያልጨመርኩበት መልስ።

ሦስቱ መስመሮች ወጡ። ጭማሪው ለእሷ ሆነ። ኢንጂነር ደብዳቤውን በዚያው ቀን እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ጻፍኩ፣ ፈረመበት። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት፤ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ጋሼ» አለችኝ፣ ችግር የለም እንደ ማለት። ይቅር ያለችኝ መሰለኝ።

ጭማሪው ተጨምሮም ደመወዟ የእኔን ግማሽ አያህልም። አስልቼዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ያም ሆኖ ቀናሁ። በሌለ ሰው ከቀናሁት በላይ ቀናሁ፤ እሷ አለችና፣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እየዘፈነች ትሠራለች።

ደብዳቤው የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር። ያለ ማኅተም የመጣ ደብዳቤ ደመወዝ ላይ አይታሰብም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙ ጠፋ አልኩ። ዘጠኝ ቀን ጠፋ፤ የዚያ ወር ደመወዝ ያለ ጭማሪው ተሠራ፣ የሠራችውም ራሷ ናት። ጠረጴዛው ሥር በጉልበቷ ገብታ በስልኳ መብራት ስትፈልግ፣ እኔ መሳቢያ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አግዛት ነበር። ማኅተሙ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር።